ጀርባውን አትንኩት፦ ከእንጨት ቀስት ስለ መሥራት

(ደብረ ማርቆስ ላይ የእጅ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ቀን የተናገርኩት ነው። እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ከማቃናት በቀር እንዳለ አቅርቤዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ። ከእንጅባራ ቀርከሃችሁን ተሸክማችሁ የመጣችሁ፣ ከቢቸናና ከደጀን በኩል የመጣችሁ ሸማኔዎች፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ አልጋና ወንበር የምትሠሩ ልጆቼ፣ ሁላችሁም እንኳን ደኅና መጣችሁ።

ስገባ በር ላይ አንድ አባት ይህን የያዝኩትን አይተው «ሽመል ነው ወይ?» አሉኝ። ሽመል አይደለም አባቴ፣ ቀስት ነው። ዱላ የመሰለው ጅማቱን ስለፈታሁት ነው። ቀስት ሥራ ላይ ካልሆነ ጅማቱ ይፈታል። እንደተወጠረ ካደረ እንጨቱ ይደክማል፣ ጎብጦ ይቀራል። በሬ ቀንበር ተሸክሞ ያድራል? አያድርም። ይህም እንደዚያው ነው።

ርዝመቱ ቁመቴን ያህላል። አንድ ወጥ ወይራ ነው፤ ኮላ የለው፣ ሚስማር የለው። ዛፉ ከወደቀበት ቀን አንሥቶ የመጀመሪያውን ፍላጻ እስከ ወረወርኩበት ድረስ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። በእጄ የሠራሁበት ሰዓት ግን ቢደመር አንድ ሳምንት አይሞላም። ቀሪው መጠበቅ ነበር።

ዛሬ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ስለ እንጨቱ፣ ሁለተኛ ስለ ጀርባው፣ ሦስተኛ ስለ ማቅናቱ። ጊዜ ከተረፈን ስለ ጅማቱም ጥቂት እላለሁ። ከሦስቱ ሁለተኛውን ያዙልኝ። የመጣሁት ለእሱ ነው።

ወደ አንደኛው ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አያቴ ደጋን ላጫውታችሁ። ደጋን የማያውቅ አለ እዚህ? እስቲ እጃችሁን አውጡ። ብዙ ናችሁ ልጆች። አይፈረድባችሁም፤ ዛሬ ክሩ ከፋብሪካ ተፈትሎ ነው የሚመጣው።

ደጋን የጥጥ መንደፊያ ነው። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው ፍሬውን ካወጡ በኋላ ይነድፉታል። የጎበጠ እንጨት ነው፣ ሁለቱ ጫፎቹ በጅማት የተያያዙ። ጅማቱን ጥጡ ውስጥ አስገብተው በጣታቸው ስበው ይለቁታል። ድው ይላል። ደግመው ይስባሉ፤ ድው። የተቋጠረው ጥጥ ይፈታል፣ ይነሣል፣ የወተት አረፋ ይመስላል። ከዚያ አመልማሎ ይሆናል፤ ከአመልማሎ ወደ እንዝርት። አያቴ ማታ በኩራዝ ስትነድፍ እኔ መደብ ላይ ተኝቼ ያንን ድምፅ እቆጥር ነበር። መቶ ሳልሞላ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ስምንት ወይ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከብት ስጠብቅ ዱላ መቅረጽ ለምጃለሁ፤ እጄ አላርፍ ብሏል። አንድ ቀን አያቴ ማኅበር ሄዳለች። ደጋኗን ከግድግዳው አወረድኩት። ልጣጩ ብቻ የተላጠ፣ ከዕድሜ ብዛት የወዛ፣ ምንም ጌጥ የሌለው እንጨት ነው። ላሳምርላት ብዬ በካራ ጀርባውን ዙሪያውን እየከረከርኩ ቀረጽኩት። እንደ ዱላዬ፣ ቀለበት በቀለበት አደረግኩት። ቅቤ ቀብቼ ወደ ቦታው መለስኩት።

ማታ አውርዳ ጅማቱን ስትወጥር ቀጭ አለ። ሁለት ሆነ። የተሰበረው የት ላይ ይመስላችኋል? ካራዬ ባረፈበት ላይ።

አልመታችኝም። ስባሪውን አንሥታ የቆረጥኩትን ጭረት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና «ጀርባውን ነካኸው፤ የእንጨት ነፍሱ ጀርባው ላይ ነው» አለችኝ። ይህንኑ ብቻ። እኔም ሰማሁ እንጂ አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ ከ30 ዓመት በላይ አለፈ። የእንጨት ሥራ አስተማሪ ሆንኩ። አንድ ቀን ስለ እንግሊዞች ረጅም ቀስት የተጻፈ መጽሐፍ እጄ ገባ። እያነበብኩ ወደ አሠራሩ ስደርስ የመጀመሪያው ሕግ ምን ይል ነበር? «ጀርባውን አትንካ» ነበር የሚለው። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። እንግሊዝ አገር የት እንዳለ አታውቅም። ያ ሕግ ግን ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ የሰበርኩትም እኔ ነኝ።

ለምን አልጠየቅኳትም? ለምን ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ እንጨቱን ከየት ቆረጥሽው? መቼ ቆረጥሽው? ስንት ጊዜ አደረቅሽው?» አላልኳትም? ምክንያቱን እንነጋገር። የእጅ ሥራ ይናቅ ስለነበር ነው። ሸማኔው ይሰደባል፣ ቀጥቃጩ ይሰደባል፣ ቆዳ ፋቂው ይሰደባል፣ ሸክላ ሠሪዋ በዓይነ ቁራኛ ትታያለች። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኔ መጋዝ ያነሣሁ ዕለት ግን አባቴ «ልጄ ጠራቢ ሊሆን ነው» ብሎ ሦስት ቀን አላናገረኝም። እዚህ የተቀመጣችሁ ሸማኔዎች፣ እናንተ ላይ ምን እንደተባለ እኔ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። ሥራውን የናቀ ሰው ዕውቀቱን አይጠይቅም። ያልተጠየቀ ዕውቀት ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

እሺ፣ ወደ አንደኛው። እንጨቱ።

ጣታችሁን እጠፉ እስቲ። አዎ፣ ሁላችሁም። በላይ በኩል፣ አንጓው ላይ ያለው ቆዳ ምን ሆነ? ተወጠረ። በውስጥ በኩልስ? ተሸበሸበ። ቀስት ሲሳብ የሚሆነው ይኸው ነው። ወደ ዒላማው የሚያየው ፊት ጀርባ ይባላል፤ እሱ ይለጠጣል። ወደ ወርዋሪው የሚያየው ሆድ ይባላል፤ እሱ ይጨመቃል። አንድ እንጨት በአንድ ጊዜ በአንድ ወገኑ እየተለጠጠ በሌላው እየተጨመቀ ሳይሰበር መመለስ አለበት። ክንዳችሁ ቀስ ብሎ ያጠራቀመውን ጉልበት ደግሞ በቅጽበት ለፍላጻው ይሰጠዋል።

እንግሊዞች ለዚህ የመረጡት ዩው የሚባለውን ዛፍ ነው። የዩው ግንድ ውጭው ነጣ ያለ ነው፤ መለጠጥ ይችላል። ውስጡ ቀላ ያለ ነው፤ መጨመቅ ይችላል። ሁለቱን ተፈጥሮ ደርባ ሰፍታቸዋለች። ቀስት ሠሪው ሁለቱ የሚገናኙበትን ፈልጎ ነጩን ለጀርባ፣ ቀዩን ለሆድ ያደርገዋል። ዴንማርክ ውስጥ ከረግረግ የወጣው 9000 ዓመት ገደማ የሆነው ቀስት ግን ከኤልም ዛፍ ነው የተሠራው። እንግዲህ ዩው የሌለው አገር ቀስት የለውም ማለት አይደለም። ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው በመተከል የሚኖሩት ጉሙዞች ቀስትና ፍላጻ የአደን ዕቃቸው ነው፤ ከእኛ የሚቀርብ አስተማሪ አለ ማለት ነው።

እኔ የሞከርኩትን ልንገራችሁ። ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ተጣመመብኝ፣ ተሰነጠቀብኝ። ጽድ ቀላል ነው፣ ሽታው ደስ ይላል፣ ሲጠረብ እንደ ቅቤ ነው፤ ግን መለጠጥ አይወድም። ሦስት ጽድ ሰብሬያለሁ፤ ሦስቱም በጀርባቸው ነው የተሰበሩት።

ስለ ጽድ ካነሣሁ አንድ ሰው ላስታውሳችሁ። እ.ኤ.አ. በ1911 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ከጫካ ወጣ። ያሂ የሚባሉት ሕዝቦች የመጨረሻው ነበር፤ ዘመዶቹ በሙሉ አልቀዋል። ኢሺ ብለው ጠሩት። «ኢሺ» በቋንቋቸው «ሰው» ማለት ነው፤ የራሱን ስም ለማንም አልተናገረም። ይህ ሰው ቀስት የሚሠራው ከተራራ ጽድ ነበር። ጽድ በጀርባው እንደሚሰበር ያውቃል፤ ስለዚህ የአውሬ ጅማት አላልቶ፣ በሙጫ እያጣበቀ፣ ጀርባውን ያለብሰዋል። እንጨቱ የማይችለውን መለጠጥ ጅማቱ ይችልለታል። አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አጠገቡ ተቀምጦ ተማረው። ኢሺ በ1916 ሞተ፤ ሐኪሙ የተማረውን ጽፎ ስላስቀረ ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሠሩ አሉ። አንድ ሰው አጠገቡ ስለተቀመጠ ብቻ! እኔ ከአያቴ አጠገብ ስንት ሌሊት ተኝቻለሁ?

በመጨረሻ ወይራ ላይ ደረስኩ። ወይራ ከባድ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ፋስ ያደክማል፤ ግን ይችላል። ይህ የያዝኩት ከማሳ ዳር ነፋስ የጣለው ነው፤ ባለቤቱን ጠይቄ ወሰድኩት። አደራችሁን፣ አንድ ነገር አስቸግራችኋለሁ፦ ይህን ሰምታችሁ የቆመ ወይራ እንዳትቆርጡ! የቀሩን አገር በቀል ዛፎች በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ያሉት ናቸው ቢባል ብዙም ሐሰት አይሆንም። እነሱ የማይነኩ ናቸው። ነፋስ የጣለውን፣ ቅርንጫፉ የተገነጠለውን ፈልጉ። ከአገው ምድር የመጣችሁ ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክላችሁ በአራት አምስት ዓመት ከሰል ታደርጋላችሁ፤ መትከል እንደምትችሉ አይተናል። ከዚያው ማሳ ጥግ ላይ አሥር ወይራ ጨምሩ። ለልጅ ልጆቻችሁ ይሁን።

የእንጅባራ ልጆች፣ ለእናንተ ለብቻችሁ አንድ ቃል አለኝ። የቀርከሃ ውጪኛው ቆዳ በመለጠጥ የሚያህለው እንጨት ጥቂት ነው። ጃፓኖች ዩሚ የሚሉት ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ቀስት አላቸው፤ መካከሉን እንጨት፣ ፊትና ኋላውን ቀርከሃ አድርገው ይደርቡታል። ከእናንተ ደጅ ቀርከሃ አለ። ወንበር ሠርታችሁ አሳይታችሁናል። እስቲ ይህንንም ሞክሩት።

እንጨቱ ከተገኘ በኋላ በመጋዝ አትሰንጥቁት። በሽብልቅ ሰንጥቁት። ለምን? እንጨት ድር አለው፤ ሸማኔዎች ይገባችኋል። ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ድር። መጋዝ ድሩን አያውቅም፣ ቀጥ ብሎ ይበጥሰዋል። ሽብልቅ ግን ድሩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ድሩ ከተጣመመ ስንጥቁም ይጣመማል፣ እውነቱን ያሳያችኋል። ከዚያ ወዲያው ሁለቱን ጫፍ ሰም ቀቡት። የጎጃም ሰው ሰም አያጣም። ውኃው በጫፍ በኩል ቶሎ ስለሚወጣ፣ ጫፉ ቀድሞ ደርቆ መካከሉ እርጥብ ከሆነ ይተረተራል። ሰሙ ጫፉን ዘግቶ ሁሉም እኩል እንዲደርቅ ያደርገዋል። እኔ ታኅሣሥ ላይ ሰንጥቄ እንደ ሞፈር እንጨት ቆጥ ላይ ሰቀልኩት፤ ጭሱ እየነካው ሁለት ክረምት አለፈበት።

ሁለተኛ፣ ጀርባው። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ግንድ ሲቆረጥ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ታዩታላችሁ። ጽድ ላይ ደኅና አድርጎ ይታያል። ቀስት ሠሪው የሚፈልገው ከእነዚህ አንዱ ቀለበት፣ ሳይቆረጥ፣ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ጀርባውን ሸፍኖ እንዲሄድ ነው። አንድ ብቻ፣ ግን ያልተቆረጠ! የሚለጠጠው እሱ ነው። በካራ ጫር ካደረጋችሁት ድሩ እዚያ ላይ ተበጠሰ። የተበጠሰ ድር ሲሳብ ምን ይሆናል? ሽቅብ ይላጣል። ከዚያ ወዲያ እንጨቱ ሁለት ነው።

ቀላሉ መንገድ ልጣጩን ብቻ በጥንቃቄ ልጦ ከሥሩ ያለውን እንዳለ መተው ነው። አያቴ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ጀርባው ወጣ ገባ ይሆናል፤ ይሁን። ጎርበጥ ይላል፤ ይጎርብጥ። ቅርንጫፍ የወጣበት አንጓ ከገጠማችሁ ደግሞ አንጓውን ደልድላችሁ አታስተካክሉ፤ ወንዝ ድንጋይን እንደሚዞር ድሩም አንጓውን ዞሮ ያልፋል። ከፍ ብሎ እንደ ትንሽ ጉብታ ይቅር። ከገበያ የምትገዙት ዕቃ ልስልስ ያለ ስለሆነ ዓይናችሁ ልስላሴን ለምዷል። የቀስት ጀርባ ላይ ግን ልስላሴ አትፈልጉ። ይህን ቀስት ኋላ ስትይዙት ጀርባውን ዳስሱ፤ ከእጀታው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የበቆሎ ፍሬ የሚያህል ጉብታ ታገኛላችሁ። እሷን ለመተው ለእጄ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የእንጨት ሠራተኞች ታውቁታላችሁ። ሞረዱን ሦስት ጊዜ አንሥቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት።

ጀርባውን አትንኩት። የምትሠሩት ሁሉ በሆዱ በኩልና በጎኑ ነው።

ሦስተኛው ማቅናት ነው። ይህን ቃል ከገበሬው ነው የወሰድኩት። ወይፈን ይቀናል አይደል? በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ማሳ አታሳርሱትም። ቀንበሩን ታስለምዱታላችሁ፣ ጥቂት ታስኬዱታላችሁ፣ ትፈቱታላችሁ። ቀስትም ይቀናል።

ግድግዳ ላይ እንጨት ተክዬ ቀስቱን በእጀታው በኩል እዚያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ረዘም ያለ ገመድ አስሬበት ከታች እስበዋለሁ፤ ትንሽ ብቻ፣ አንድ ጋት። ከዚያ ወደ ኋላ ርቄ አየዋለሁ። ላይኛው ክንድና ታችኛው ክንድ እኩል ይጎብጣሉ ወይ? አንድ ቦታ ደርቆ አልታጠፍ ያለ አለ ወይ? የደረቀውን በከሰል ምልክት አደርግበታለሁ። አወርደውና ከሆዱ በኩል ምልክቱ ላይ በጠርሙስ ስባሪ እፍቃለሁ። ጉድ እኮ ነው የጠርሙስ ስባሪ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፍቃፊ ያወጣል። ጥቂት ፍቄ እንደገና እሰቅለዋለሁ፣ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ቀስ ብዬ እስበዋለሁ፣ እንደገና አያለሁ። ከልክ በላይ የሚታጠፈውን ቦታ አልነካውም፤ ሌላውን እፍቃለሁ፣ እስኪደርስበት። ጉድለቱ ሳይስተካከል ከዚያ በላይ አልስብም።

ለምን እንዲህ ጥንቃቄ? ስሌቱን ልንገራችሁ። የእንጨቱን ስፋት በእጥፍ ብትጨምሩ ግትርነቱ በእጥፍ ይጨምራል። ውፍረቱን በእጥፍ ብትጨምሩ ግን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስምንት! ስለዚህ ከሆድ የምታነሡት አንድ ወረቀት የሚያህል ስስ ፍቃፊ ብዙ ነገር ይለውጣል። የተፋቀ ደግሞ አይመለስም።

አምስተኛው ቀስቴ ቆንጆ ነበር። ለጥምቀት ዘመዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ፤ ላሳያቸው ፈለግኩ። አንድ ሳምንት የሚፈልገውን ማቅናት በአንድ ማታ ላደርገው ተነሣሁ። ታችኛው ክንድ ላይ አንድ ደረቅ ቦታ አይቻለሁ፤ አይቻለሁ እላችኋለሁ! «ነገ እፍቀዋለሁ» ብዬ ወጥሬ ሙሉውን ሳብኩት። ከደረቁ ቦታ ቀጥሎ ያለው የእሱንም ሸክም ተሸክሞ ነበር፤ እዚያ ላይ ፈነዳ። ስባሪው ጉንጬን ጫረኝ፤ ከዓይኔ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም፣ አሥራ ስድስት ወር የደረቀ እንጨት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1991 በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ፣ ከተራራ በረዶ ውስጥ፣ ከ5000 ዓመት በፊት የሞተ ሰው አስከሬን ተገኘ። ኦትዚ ይሉታል። አብሮት አንድ የዩው ቀስት ነበር፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ82። ከሰውየው ቁመት ይበልጣል። የሚገርመኝ ርዝመቱ አይደለም። ቀስቱ አላለቀም ነበር! የመጥረቢያው ምልክት ገና ላዩ ላይ ነበር። ኮሮጆው ውስጥ ካሉት 14 ፍላጻዎች ያለቁት 2 ብቻ ናቸው። ያ ሰው ጠላት እያሳደደው እንኳን ሊሆን ይችላል፤ ግራ ትከሻው ውስጥ የፍላጻ ጫፍ ተቀርቅሮ ተገኝቷል። ቀስቱን ግን አልጨረሰውም። የሚያውቅ ሰው መሆኑን በዚህ አውቃለሁ፤ ያልቀና ቀስት መሳብ ምን እንደሆነ ያውቃል።

የእንግሊዞቹንም ልጥቀስ። በእኛ አገር አፄ ገላውዴዎስ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1545፣ ሜሪ ሮዝ የምትባል የንጉሣቸው የጦር መርከብ ሰጠመች። በ1982 ስትወጣ ከ130 በላይ ሙሉ ቀስትና ከ3000 በላይ ፍላጻ ከጭቃው ተገኘ። 437 ዓመት ባሕር ውስጥ! ከእነዚያ ቀስቶች ብዙዎቹን ለመሳብ ከ45 ኪሎ በላይ የሚጎትት ክንድ ይፈልጋል ይላሉ ያጠኑት። አንድ ኩንታል ጤፍ ግማሹን በሦስት ጣት እንደ መሳብ አስቡት። ከልጅነታቸው ጀምሮ እየሳቡ ነው ያደጉት። የእኔ ይህ 18 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለሁላችንም ይበቃል።

ስለ ጅማቱ ጊዜው አልቋል ይሉኛል። አንድ ነገር ብቻ። ደጋን በከብት ጅማት ይወጠራል፤ ግን ጅማት ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ይረዝማል። አውሮፓውያኑ ከተልባ አገዳ የወጣ ክር ይጠቀሙ ነበር። እኛ ተልባውን ፍሬውን ወስደን አገዳውን እንጥለዋለን። ዘንድሮ አንድ እቅፍ አገዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ክሩን አውጥቻለሁ፤ ይህ የምታዩት ጅማት ግማሹ እሱ ነው። ፈትል የሚያውቁ እናቶች ቢያግዙኝ ከዚህ የተሻለ ይሆናል።

አሁን የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ቤታችሁ ስትመለሱ ቆጡን እዩ፣ ግድግዳውን እዩ። ደጋን ካለ ለምድጃ እንዳትማግዱት። አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ አጠገባቸው ተቀመጡ። እንጨቱ ምንድን ነው? በየትኛው ወር ተቆረጠ? ልጣጩ እንዴት ተላጠ? በስልካችሁ ቅረጹት። በሚቀጥለው ስንገናኝ ይዛችሁልኝ ኑ፤ እኔ ልማር።

እንግዲህ ወደ ውጭ እንውጣ። ሜዳው ጥግ ላይ የገለባ ክምር አስቀምጠናል፣ ዒላማው እሱ ነው። አንድ ሰው ሲወረውር ከፊቱ ማንም አይቆምም። ቀስቱን ያለ ፍላጻ ስቦ የሚለቅ እንዳይኖር፤ ፍላጻ ከሌለ ጉልበቱ መሄጃ ስለሚያጣ ወደ እንጨቱ ይመለሳል፣ ይሰብረዋል። ስቦ መወርወር ያልፈለገ ቀስ አድርጎ ይመልሰው።

እናቶች ይቅደሙ። ደጋን ሲስቡ የኖሩት እነሱ ናቸው።